«ውሃ ወቀጣ» አይደለም፦ ስለ ሀንቲንግተን በሽታ ምርምር ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሀንቲንግተን በሽታ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው በዚህ በሽታ ላይ የሚደረገውን ምርምር በሁለት ቃል ዘግተውታል፦ «ውሃ ወቀጣ»። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ብዙ ሰው በሆዱ የያዘውን ነገር ነው አውጥተው የጻፉት ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው።

ጸሐፊው የሚሉት አምስት ነገር ነው። በሽታው የሚይዘው ጥቂት ሰው ስለሆነ ይህ ሁሉ ገንዘብና ጉልበት ሊፈስበት አይገባም። በሽታውን የሚያመጣው ጂን (በዘር የሚወረስ የሰውነት መመሪያ) ከተገኘ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፈውስ ግን የለም። መጨረሻው በታወቀ በሽታ ላይ ሐኪም ምንም አይሠራም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁሉም ይመርመር፣ ጂኑ ያለበት አይውለድ። በመጨረሻም ተመራማሪዎች ከድሃ ቤተሰቦች ደም ወስደው ዞር ብለው አያዩአቸውም።

በመጨረሻው ነጥብ ላይ ብዙ የምንስማማበት አለ። እመለስበታለሁ።

በሽታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሀንቲንግተን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የአንጎል በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ30 እስከ 50 ባለው ዕድሜ ነው። ሰውየው ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ሥራው ላይ ተደላድሎ ሳለ ማለት ነው። ጣቶቹ፣ ትከሻው፣ ፊቱ ሳያዛቸው ይንቀሳቀሳሉ። ጠባዩ ይለወጣል። ነገር ማቀድና መወሰን ያቅተዋል። ከዚያ መራመድ፣ መናገር፣ መዋጥ በተራ ይከብዱታል። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ሞት ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ከወላጆቹ አንዱ በሽታው ካለበት፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ወንድ ሴት አይልም።

በጥሩ ሁኔታ ጽፎ ያሳወቀው ጆርጅ ሀንቲንግተን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ጊዜው 1872 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። ያኔ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። አባቱም አያቱም በሎንግ አይላንድ ሐኪሞች ነበሩ። ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር በጫካ መንገድ ሲሄዱ ሁለት ሴቶች ድንገት አጋጠሟቸው። እናትና ልጅ ናቸው። ረጃጅም፣ ከሲታዎች። ሁለቱም ጎንበስ ቀና ይላሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ ፊታቸው ይጨማደዳል። ልጁ ደነገጠ። አባቱ ግን ቆሞ አነጋገራቸው፤ ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሀንቲንግተን ይህን በ1909 አርጅቶ ሲያስታውሰው የሕክምና ትምህርቴ የተጀመረው እዚያ ነው ይላል። በሽታው በዘር እንደሚወርድ እርግጠኛ ሆኖ ሊጽፍ የቻለው ሦስት ትውልድ ሐኪሞች እነዚያኑ ቤተሰቦች ሲከታተሉ ስለኖሩ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

«ለጥቂት ሰው ተብሎ»

ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው። የአውሮፓ የዘር ሐረግ ባላቸው ሕዝቦች መካከል ከ100,000 ሰው የሚታመመው 10 ገደማ ነው። በብዙ ሌሎች ሕዝቦች ውስጥ ከዚህም ያንሳል። ይህ ግን የታመመውን ብቻ መቁጠር ነው። አንድ ታማሚ አራት ልጆች ቢኖሩት፣ አራቱም ብርጭቆ ከእጃቸው በወደቀ ቁጥር «ጀመረኝ እንዴ?» እያሉ ነው የሚያድጉት። እነሱ በቁጥሩ ውስጥ የሉም። ሥራዋን ትታ ባሏን የምታጎርሰዋም ሚስት የለችም።

ሌላም አለ። የሀንቲንግተን ምርምር ለሀንቲንግተን ብቻ አልቀረም። በ1983 የዘረመል ተመራማሪው ጄምስ ጉሴላና ባልደረቦቹ ጂኑ አራተኛው ክሮሞዞም (ጂኖች ተደርድረው ከሚገኙባቸው የዲኤንኤ ጥቅሎች አንዱ) ላይ እንደሚገኝ አሳዩ። የት እንዳለ ፍንጭ ያልነበረውን የበሽታ ጂን፣ የዲኤንኤ ምልክቶችን ብቻ ተከትሎ አድራሻውን ለማግኘት ፈር የቀደደው ይህ ሥራ ነው። በዚሁ ዓይነት መንገድ በ1989 ሳንባን የሚጎዳው በዘር የሚወረስ በሽታ፣ የሲስቲክ ፋይብሮሲስ፣ ጂን ተገኘ። ከዚያ በኋላ የተገኙት ብዙ ናቸው። ዛሬ ሐኪም «የዘረመል ምርመራ እናድርግ» ሲል፣ ከጀርባው ካሉት መንገዶች አንዱን የጠረጉት እነዚያ «ጥቂት ሰዎች» ናቸው።

«ከ30 ዓመት በላይ፣ ፈውስ የለም»

ጸሐፊው በጣም የተማመኑበት ነጥብ ይኼ ነው። እኔም እዚህ ላይ ልቆይ።

አዎ፣ ፈውስ የለም። በሽታውን ከሥሩ የሚያቆም የተፈቀደ መድኃኒት የለም። የሰውነት እንቅስቃሴውን የሚቀንሱ አሉ፤ ቴትራቤናዚን በ2008፣ ዲውቴትራቤናዚን በ2017፣ ቫልቤናዚን በ2023 አሜሪካ ውስጥ ለዚህ በሽታ ተፈቅደዋል። ማንኪያ አፍ እስኪደርስ ለሚደፋበት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ፈውስ አይደሉም፤ ናቸው ብዬ አልከራከርም።

የማልቀበለው «ስለዚህ ምንም አልተሠራም» የሚለውን ነው። የተሠራውን እንይ።

የጂኑ ሰፈር በ1983 ቢታወቅም፣ ጂኑ ራሱ እጅ የገባው በ1993 ነው። አሥር ዓመት! ስድስት የምርምር ቡድኖች አንድ ላይ ሆነው ነው ያገኙት። ጂኑ ውስጥ ሲ፣ ኤ እና ጂ የሚባሉ ሦስት የዲኤንኤ ፊደሎች ተደጋግመው ይጻፋሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ድግግሞሹ 26 ወይም ከዚያ በታች ነው። 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሰውየው ዕድሜ እስከሰጠው ድረስ በሽታው ይመጣል። ከ36 እስከ 39 ያለው ሊታመምም ላይታመምም ይችላል።

«ታዲያ ጂኑን ማጥፋት ነዋ!» ይባላል። እንደዚያ ቀላል ቢሆን ኖሮ እስካሁን ባለቀ ነበር። ከዚህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን፣ ሀንቲንግቲን ይባላል፣ ለሰውነት ያስፈልጋል። ጂኑ ፈጽሞ የሌላቸው አይጦች ሳይወለዱ ይሞታሉ። በዚያ ላይ ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ፣ ሁለት ቅጂ ነው ያለው። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው አንዱ ብቻ ነው። የተበላሸውን ዝም አሰኝቶ ጤነኛውን አለመንካት ያስፈልጋል። ይህን ደግሞ መድኃኒት እንደ ልብ በማይገባበት አንጎል ውስጥ ነው መሥራት ያለብህ።

በ2000 በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጂኑን እንደ መብራት ማብራትና ማጥፋት የሚቻልባቸውን አይጦች ፈጠሩ። አይጦቹ ከታመሙ በኋላ ጂኑን አጠፉት። አንጎላቸው ውስጥ የተጠራቀመው የፕሮቲን ክምር እየጠፋ ሄደ፤ እንቅስቃሴያቸውም ተሻሻለ። እስከዚያ ድረስ «አንዴ ከጀመረ አለቀ» ነበር የሚባለው። ተስፋው በምኞት የመጣ አይደለም።

ከዚያ ቶሚነርሰን መጣ። ወደ ጀርባ አጥንት ፈሳሽ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በ46 ታማሚዎች ላይ የተደረገው የመጀመሪያው ሙከራ ውጤት በ2019 ወጣ፤ በፈሳሹ ውስጥ የተበላሸው ፕሮቲን ቀንሶ ታየ። ቤተሰቦች በደስታ አለቀሱ። ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎች ወደ ትልቁ ሙከራ ገቡ። በመጋቢት 2021 መድኃኒቱ እንዲቆም ተደረገ። አልጠቀመም። እንዲያውም መርፌውን ቶሎ ቶሎ የወሰዱት ምንም መድኃኒት ካልወሰዱት የባሰ ሁኔታ ታየባቸው።

ጸሐፊው ይህን «የመጨረሻው ማረጋገጫ» ይሉታል። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። ሙከራው ሲበላሽ አልተደበቀም። ገለልተኛ ኮሚቴ መረጃውን አይቶ «አቁሙ» አለ፤ ቆመ። መጠኑ በዝቶ ነበር ወይ? ጤነኛው ፕሮቲንም አብሮ መቀነሱ ጎድቶ ይሆን? ዘግይቶ ነው የተሰጠው? ጥያቄዎቹ ወደሚቀጥለው ሥራ ተላለፉ። ውሃ ሲወቀጥ የሚጨመር ነገር የለም። እዚህ ግን ተጨምሯል።

የተጨመረውን አንዱን ልንገራችሁ። እኔን በጣም የሚያስገርመኝ እሱ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል 43 ድግግሞሽ ይዘው ተወልደው፣ አንዱ በ35 ዓመቱ ሌላው በ50 ዓመቱ ሊታመም ይችላል። ለምን? ተመራማሪዎች የብዙ ሺህ ታማሚዎችን ዲኤንኤ ሰብስበው አነጻጸሩ። በ2019 የወጣው ጥናት ከ9,000 በላይ ሰው ነበረው። ልዩነቱን ከሚያመጡት መካከል ጎልተው የታዩት ዲኤንኤ ሲበላሽ የሚጠግኑ ጂኖች ሆነው ተገኙ። ብዙዎች እዚያ አልጠበቁም። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ከሞቱ በኋላ አንጎላቸውን ለምርምር ከሰጡ ሰዎች የተገኙ ሴሎች አንድ በአንድ ተጠኑ። ሰውየው 40 ምናምን ድግግሞሽ ይዞ ይወለዳል። በአንጎሉ ጥልቅ ክፍል ባሉ ሴሎች ውስጥ ግን ድግግሞሹ ለአሥርት ዓመታት ቀስ እያለ ይረዝማል። 150 ገደማ ሲያልፍ ሴሉ ሥራው ይዛባና ይሞታል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እርዝመቱን ማዘግየት ከተቻለ በሽታውን ማዘግየት ይቻል ይሆናል ማለት ነው። በዚህ አቅጣጫ የሚሠሩ መድኃኒቶች እየተሞከሩ ነው።

በመስከረም 2025 የተሰማውም አለ። ኤኤምቲ-130 የሚባል የጂን ሕክምና ነው፤ በረጅም ቀዶ ሕክምና በቀጥታ አንጎል ውስጥ ይገባል። ከፍተኛውን መጠን ወስደው ሦስት ዓመት የሞላቸው ታማሚዎች ላይ በሽታው የሚባባስበት ፍጥነት 75 በመቶ ቀንሷል ተብሏል። ሰዎቹ 12 ብቻ ናቸው። የተነጻጸሩትም ከሙከራው ውጭ ከተመዘገቡ ታማሚዎች ጋር ነው። ስለዚህ እልል ለማለት ጊዜው ገና ነው። «ምንም የለም» ለማለት ግን ጊዜው አልፏል።

«ሐኪም ምን ሊሠራ?»

ይህን የጻፈ ሰው አንድ የሀንቲንግተን ክሊኒክ ገብቶ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።

ሐኪሟ ታማሚውን «ምላስህን አውጣና አሥር ሰከንድ ያዘው» ትለዋለች። ያወጣዋል። ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ተመልሶ ይገባል። እንደገና ያወጣዋል፤ ይገባል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ጡንቻው «እንዲህ ሆነህ ቆይ» የሚለውን ትእዛዝ መያዝ አቅቶት ነው። ቀጥላ «ሁለት ጣቴን ጨብጥ» ትለዋለች። እጁ ላም እንደሚያልብ ሰው ይጠብቃል፣ ይላላል፣ ይጠብቃል። ጭንቅላቱን ሳያዞር በዓይኑ ብቻ ወዲያና ወዲህ እንዲያይ ትጠይቀዋለች። ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ በቀጭን መስመር እንዲሄድ ታደርገዋለች። ለእያንዳንዱ ነጥብ ትሰጣለች።

እነዚህ ነጥቦች ናቸው በኋላ «መድኃኒቱ ሠራ» ወይም «አልሠራም» የሚባልባቸው። አንድ መለኪያ፣ በብዙ አገር፣ በሠለጠኑ ሰዎች እጅ። ኤንሮል-ኤችዲ የሚባለው ዓለም አቀፍ ክትትል ከ20,000 በላይ ሰዎችን በየዓመቱ እንዲህ እያየ መዝግቧል። የሀንቲንግተን አባትና አያት በፈረስ ጋሪ ዞረው የሠሩትን ሥራ ነው፣ በሰፊው። ሐኪሟን ከዚህ አውጥታችሁ ተመራማሪውን ብቻ ብታስቀሩት ባዶ ላብራቶሪ ነው የሚተርፈው።

ከምርምሩ ውጭስ? በዚህ በሽታ ድብርት በጣም የተለመደ ነው፤ ራስን የማጥፋት አደጋውም ከፍ ያለ ነው። ድብርት ደግሞ ይታከማል። ንዴቱና እንቅልፍ ማጣቱም እንዲሁ። ታማሚው እየከሳ ስለሚሄድ ብዙ ጉልበት ሰጪ ምግብ ያስፈልገዋል። ሲውጥ እንዳይታነቅ ምግቡ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ እንዴት ተቀምጦ እንደሚበላ የሚያስተምር ባለሙያ አለ። እንዳይወድቅ የሚያለማምድ ፊዚዮቴራፒስት አለ። መኪና መንዳት ማቆም ያለበት መቼ እንደሆነ በአክብሮት የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። መጨረሻው የታወቀ ነው አሉ ጸሐፊው። እስከ መጨረሻው ያለው 15 ዓመት ግን አልታወቀም። በደህና ወይም በስቃይ ሊያልፍ ይችላል። የሐኪሙ ሥራ እዚያ ላይ ነው።

«ሁሉም ይመርመር፣ ያለበት አይውለድ»

ከጽሑፉ ሁሉ ያመመኝ ይኼ ነው።

በመጀመሪያ በሳይንሱ ስህተት ነው። ከ27 እስከ 35 ድግግሞሽ ያለው ሰው ራሱ አይታመምም። ግን ድግግሞሹ ወደ ልጅ ሲተላለፍ፣ በተለይ ከአባት ሲወረስ፣ ሊረዝም ይችላል። በቤተሰቡ ማንም ታሞ የማያውቅ ሰው በበሽታው የሚያዘው ከዚህ የተነሳም ነው። ስለዚህ የታወቁት ቤተሰቦች ሁሉ ልጅ መውለድ ቢያቆሙ እንኳ በሽታው አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ተሞክሯል። በ1916 አሜሪካ ውስጥ ቻርልስ ዳቨንፖርት የተባለ ሳይንቲስት የእነዚህን ቤተሰቦች የዘር ሐረግ አጠና። ከዚያም መንግሥት እንዳይወልዱ ማድረግ እንዳለበት ተከራከረ። በሐምሌ 1933 ናዚ ጀርመን ሰዎችን በግድ የሚያመክን ሕግ አወጣች። በሕጉ ከተዘረዘሩት ዘጠኝ ሁኔታዎች አንዱ በቀጥታ ይኸው በሽታ ነው። በዚያ ሕግ በጠቅላላው 400,000 ያህል ሰዎች መከኑ። ጸሐፊው ይህን ይፈልጋሉ አልልም። ግን «አይውለድ» የሚለው ቃል ከዚህ በፊት የት እንዳደረሰ ሳያውቁ ሊጽፉት አይገባም ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እነዚህ ቤተሰቦች ለብዙ ትውልድ የደበቁት ግን መድኃኒት ጠልተው አይደለም። ሲገለጥ የሚመጣባቸውን አይተው ነው።

ሦስተኛ፣ ምርመራው። ለአደጋው የተጋለጡት አብዛኞቹ አዋቂዎች፣ ምርመራው ከመጣ ከ30 ዓመት በኋላም፣ መመርመርን አልመረጡም። ጸሐፊው ይህን «ኃላፊነት የጎደለው» ይሉታል። እስቲ አንድ ጤነኛ የ24 ዓመት ልጅ አስቡ። አንድ ወረቀት አለ። ከከፈተችው ከ20 ዓመት በኋላ የሚሆነውን ያሳያታል፤ የሚያስቆመው መድኃኒት ግን ገና የለም። ልክፈት ብትል መብቷ ነው፤ አልከፍትም ብትልም መብቷ ነው። ለዚህ ነው ምርመራው ያለ ዘረመል አማካሪ የማይደረገው። ለዚህ ነው ምልክት የሌለባቸው ሕፃናት የማይመረመሩት፤ አድገው ራሳቸው ይወስኑ ነው። የተበላሸው ጂን የሌለበትን ፅንስ መርጦ መውለድም ይቻላል፤ ለዚያውም ወላጁ የራሱን ውጤት ሳይሰማ። የሚመርጡት ግን እነሱ ናቸው። እኔም ጸሐፊውም አይደለንም።

«ደም ወስደው ይጠፋሉ»

ወደ ተስማማንበት ደረስን።

በቬንዙዌላ፣ በማራካይቦ ሐይቅ ዳርቻ ባሉ ድሃ የዓሣ አጥማጅ መንደሮች፣ ሀንቲንግተን በዓለም ላይ በሌላ ቦታ ባልታየ ብዛት ይገኛል። ይህን መጀመሪያ ያየው አሜሪኮ ኔግሬቴ የሚባል አገሬው ሐኪም ነው። በ1950ዎቹ። ሰዎቹ ሲንገዳገዱ «ሰክረው ነው» ይባል ነበር፤ እሱ ግን ቆሞ አያቸው፣ ጻፈው። ስሙ ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ ያሳዝነኛል።

ናንሲ ዌክስለር በኋላ መጣች። የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። እናቷ በዚሁ በሽታ በ1978 ሞታለች። እሷና ቡድኗ ከ20 ዓመት በላይ በየዓመቱ እየተመላለሱ ከ18,000 በላይ ሰዎች ያሉበት የዘር ሐረግ ሠሩ፤ ከ4,000 በላይ የደም ናሙና ሰበሰቡ። የመንደሩ ሰዎች ናሙና መስጠት ሲያመነቱ፣ አንዲት ነርስ የዌክስለርን ክንድ ይዛ እየዞረች የቆዳ ናሙና የተወሰደበትን ጠባሳዋን አሳየቻቸው። «እሷም ሰጥታለች» ነው ነገሩ። ከቤተሰቡ እንደ አንዷ አዩአት። በ2020 ዌክስለር እሷም በሽታው እንዳለባት በይፋ ተናገረች።

ስለዚህ «ዞር ብለው አያዩአቸውም» የሚለው ለሁሉም አይሠራም። ግን ዕዳው አለ። ጂኑ የተገኘው በእነዚህ ሰዎች ደም ነው። ከዚያ በኋላ የተፈቀዱት መድኃኒቶች ዋጋቸው እነሱ የሚደርሱበት አይደለም። በ1999 ለታማሚዎች የተከፈተላቸው የመንከባከቢያ ቤት እንኳ በኋላ ተዘጋ። በግንቦት 2017 ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች ቫቲካን ገብተው ከወቅቱ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ጋር ተገናኙ። ይህ በሽታ ከእንግዲህ አይደበቅ የሚል ስብሰባ ነበር። መልካም ነው። ግን ከመተቃቀፍ በኋላ ጠዋት የሚዋጥ ክኒን ያስፈልጋል።

ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «ምርምሩ ይቁም» ይላሉ። ቢቆም ማን ይጠቀማል? ደሙን የሰጠው ሰው አስቀድሞ ሰጥቷል። ዛሬ ቢቆም የሱ ድርሻ ጠፍቶ ቀረ ማለት ነው። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው። አዲስ ሙከራ ሲጀመር፣ የመጀመሪያው መርፌ ከመወጋቱ በፊት፣ መድኃኒቱ ከሠራ ናሙና ለሰጡት መንደሮች እንዴትና በስንት እንደሚደርስ በውል ይጻፍ። የአገሩ ሐኪሞች ናሙና አሻጋሪ ሳይሆኑ የጥናቱ መሪዎች ይሁኑ። ስማቸውም ከፊት ይጻፍ፤ የኔግሬቴ ዕጣ አይድረሳቸው። ጸሐፊው ቀጣዩን ጽሑፋቸውን በዚህ ላይ ከጻፉ ምላሽ አልጽፍም፤ ከጎናቸው ሆኜ አብሬ ነው የምጽፈው።